የጃንጥላሽ ሽቦ ቶሮንቶ ተገኘ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ፤

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ክረምቱ ሲወጣ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? የግፊቱን ኪኒን ሳትዘልዪ ትውጫለሽ? ጾሙ ገብቷልና በባዶ ሆድሽ አትዋጪው ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ወንድሜ ብሩኬስ? እህቴ ተሻለችስ ከነልጇ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ እንደ ሰሞኑ ደህና ሆኜ አላውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ በጾም መሆኑን ይቅር ይበለኝ እንጂ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ደግሞም ደጋግመሽ እንድታስነብቢው እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ ብሩኬም ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ጥጋቡን አገኘሁት።

አዎ፣ ያንኑ ጥጋቡን። ከአባዬ ጋር በአንድ ወናፍ ብር ሲያቀልጥ፣ ከአንድ ትሪ ሲበላ የኖረውን፣ ብሩኬን ክርስትና ያነሳውን።

የምሠራው ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለ የድሮ ኒሻን መሸጫ ሱቅ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ባለቤቱ ሚስተር ሆርስት የሚባሉ ጀርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሰው የአያቱን ኒሻን ይዞ ይመጣል፣ እሳቸው ማን እንደሠራው ይነግሩታል፤ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ አሽጋለሁ፣ ሲደርስ ደንበኛውን ኮል አደርጋለሁ። የድሮ የጀርመን ወታደር ኒሻን ብዙው የሠሪው ማህተም የለበትም። እንዲህ ሲሆን ሚስተር ሆርስት ማህተም ያለበትን ሌላ ኒሻን ያወጡና ጎን ለጎን አስተኝተው በማጉያ መነጽር ያስተያዩዋቸዋል። የጠርዙ ጌጥ፣ የዘውዱ ቅርጽ፣ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር አጣጣል፣ ከኋላ ያለው መርፌ አበያየድ፣ ሁሉም የየቤቱ ጠባይ አለው ይላሉ። ቅርጽ ማውጫው ላይ አንዲት ጭረት ካለች፣ ከዚያ የወጣ ኒሻን ሁሉ ያቺን ጭረት ይዞ ይወለዳል። ልጅ የአባቱን አፍንጫ ይዞ እንደሚወጣው ማለት ነው።

መስከረም ላይ አንድ ሰውዬ ገባ። ካፖርት ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። መልኩን አላወቅኩትም ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ለየሁት። ጥጋቡ ምራቁን ሳይውጥ ንግግር ጀምሮ ያውቃል? እኔን አላወቀኝም፤ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ፣ ሱቁ ውስጥ ደግሞ የምጠራው ፋኒ ተብዬ ነው። የኛ ልጅ ነሽ አለኝ፤ አዎ ብቻ አልኩት። የማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ጥቁር የመስቀል ኒሻን አወጣና፣ አንድ ጀርመን ሐኪም ለአያቴ የሰጣቸው ነው፣ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም፣ ማህተም ስለሌለው ሠሪው ይታወቅልኝ አለ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው።

የእትዬ አሰፋሽ መስቀል ነው እማዬ! ሐኪሙ ለአማታቸው የሰጠው፣ መርፌው ተሰብሮ አባዬ ጋ ለጥገና የመጣው። አባዬ ጠግኖ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በጥጋቡ እጅ ላከላቸው። እትዬ አሰፋሽ ሲፈቱት ከእርሳስ የተቀዳ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጥጋቡ የተሰጠኝን ነው ያደረስኩት ብሎ ወንጌል መትቶ ማለ። አባዬ ግን እውነት መሐላ አያሻትም፣ እግዚአብሔርን ለቁራጭ ብረት ምስክር አልጠራም ብሎ እምቢ አለ። የማለው እውነተኛ፣ ያልማለው ሌባ ተባለ። እስቲ ይህን ፍርድ እዪልኝ፤ ፈጣሪውን የፈራው ተፈረደበት፣ ያልፈራው በነጻ ሄደ። ሱቁ ተዘጋ፣ አባዬ ሞረዱን አስቀምጦ ዘበኛ ሆነ። እትዬ አሰፋሽ አንቺን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። አባዬ ሲሞት ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው እንኳ ሬሳውን ተቀባብሎ ለመሸከም አልበቃም። ይህን ሁሉ ዓመት በጥርሴ ነክሼው ኖሬያለሁ።

መስቀሉ ለምርመራ ሱቅ ውስጥ ቀረ። ሚስተር ሆርስት መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉት፤ ሆዱ ብረት ነውና ያዘ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ሌሎቹን እያወጡ ሲያስተያዩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከዘውዱ ሥር ያለች ትንሽ እብጠት ከአንድ የበርሊን ቤት ሥራ ጋር ገጠመችላቸው። ደስ አላቸው። ሲገለብጡት ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። መርፌው የማንም ቤት አይደለም፣ መሐሉ ቦይ ያለው ቀጭን ብረት ነው፣ እንዲህ ያለ በዕድሜዬ አላየሁም አሉ። ማጉያውን አቀበሉኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ፊቱን የሠራው በርሊን ነው። ጀርባውን ያዳነው ግን ሌላ ሰው ነው። የሞረዱን አካሄድ እዪው፤ ሰውዬው ግራኝ ነበር።»

እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግራኙ አባዬ ገረመው! ያ ቦይ ያለው ብረት ደግሞ የጃንጥላሽ ሽቦ ነው። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላሽን አንድ ሽቦ ቆርጦ ለመርፌ ቢያውለው ለሰው ጌጥ የእኔን ጥላ አጎበጥከው ብለሽ ስንት ቀን አኮረፍሽው? ጃንጥላው እስከ ዛሬ በአንድ ጎኑ እንደተንጋደደ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ለሚስተር ሆርስት ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰውዬው ሲመጣ አንቺው አነጋግሪው ብለው መስቀሉን በእጄ አደረጉት።

መጣ፤ ፈገግ ብሎ መጣ። የበርሊን ሥራ ነው ስለው ፊቱ በራ። ከዚያ ገለበጥኩት። እስከዚያ ድረስ አንቱ እያልኩት ነበር፣ ምላሴን እያቃጠለኝ።

«ጋሼ ጥጋቡ፣ የገረመው ልጅ ፋናዬ ነኝ። የአያትዎ ከሆነ በዚሁ መስቀል ላይ እጅዎን ጭነው ይማሉልኝ። መሐላ ለእርስዎ አዲስ አይደለም» አልኩት።

ወንጌል የመታው እጅ ከኪሱ አልወጣም። አንዴ መስቀሉን፣ አንዴ እኔን አየና ምራቁን ዋጠ። መስቀሉን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ፣ ኮፍያውንም ረሳው። ኮፍያው አሁንም ሱቁ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ አልመልስለትም። ያን ዕለት ሰብዌይ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

በሳምንቱ ክሬሰንት ታውን ቤቴ ድረስ ሽማግሌ ላከ። ጉድ እኮ ነው፤ እሱ ራሱ እዚህ የተከበረ ሽማግሌ ነው፣ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ልጁ ሶልያና ልታገባ ነው፣ ነገሩ በሰው ጆሮ አይግባ፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ ተዪው አሉኝ። ለእግዚአብሔር ብሎ የተወው አባቴ ነው፣ እኔ እሱን አይደለሁም አልኳቸው። ሻይ ሰጠኋቸው፤ ይቅርታ ግን አልሰጠኋቸውም። ያልኩት አንድ ነገር ነው። አገር ቤት ይሂድ፤ አባዬ በተፈረደበት ግቢ፣ ከእነዚያ ሽማግሌዎች በሕይወት ባሉት ፊት፣ በእትዬ አሰፋሽና በአንቺ ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ይናገር። እምቢ ካለ ሠርጉ ላይ ሳልጠራ እገኛለሁ፣ ሚስተር ሆርስትም ከረባታቸውን አስረው አብረውኝ ይመጣሉ። ልጅቷ ምን አጠፋች ትዪኝ ይሆናል። እኔስ የሌባ ልጅ እየተባልኩ ትምህርት ቤት ስሄድ ምን አጥፍቼ ነበር?

እሺ ብሏል። ለገና ይመጣል።

መስቀሉን ግን በእሱ እጅ አልልክም፤ አንዴ የለወጠ ሁለቴ ይለውጣል። ጓደኛዬ ብሩክታዊት ቀድማው ትመጣለች፣ በእጅሽ ትሰጥሻለች። የአባዬ የሞረድ ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው። ጥጋቡ ሲመጣ ወንበር አትስጪው፤ ቆሞ ይናገር። ሲጨርስ ጃንጥላሽን አውርደሽ ዘርጊውና መስቀሉን በጀርባው ገልብጠሽ ከጎኑ አስተኚው። እትዬ አሰፋሽ መነጽራቸውን አድርገው ይዩት። ይቅር ማለት አለማለት ያንቺ ነው፤ እኔ ይቅር በዪው አልልሽም።

አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ወንጌል አምጥተው ማል ይሉት ይሆናል። እንዳታስምዪው እማዬ። መሐላማ ለእሱ ቀላል ነው። እንደ አባዬ ባዶ እጁን ቆሞ፣ ሳይምል ይናገር፤ ያምኑት እንደሆነ ይየው።

ለተሻለች ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ልጇን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ቆንጂትን፣ አንቺን ስለማትለይሽ አመሰግናታለሁ። ብሩኬን የክርስትና አባትህ ሊጠይቅህ ይመጣልና ተዘጋጅ በዪልኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ደግሞ የአባዬ መቃብር ጋ ቆም በዪና፣ መርፌህ እስከ ዛሬ አልተነቀለም በዪልኝ።

ልጅሽ ፋናዬ ገረመው
ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን
ኅዳር 21 ቀን 2004 ዓ.ም.