የወንድማቸውን ድንኳን ያቆዩት የኢንጂነር ኢንሳፍ ናሺድ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ኢንሳፍ ናሺድ ቡቅጡር ከአባታቸው ከአቶ ናሺድ ቡቅጡርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማቲልዳ ጋሊ፣ በላይኛው ግብፅ ከሚንያ በስተደቡብ በናዝለት ሚካኤል ከተማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ምልክት ሰጪ ስለነበሩ ያደጉት ከጣቢያው አጥር ጥግ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህን በሚንቀጫቀጭበት ቤት ነው። በሦስት ዓመት የሚበልጧቸው ብቸኛ ወንድማቸው አቶ ሪዝቅ ከቀለም ይልቅ መሪ ስለወደዱ ከመንደር መንደር ሰው የምታመላልስ የፔጆ መኪና ሾፌር ሆኑ።

ወይዘሮ ኢንሳፍ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማቸው ፈጽመው በአስዩት ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ተከታተሉ። ሴት ልጅ ብቻዋን አስዩት ትሂድ ወይ ተብሎ ዘመድ ሲከራከር ነገሩን የቋጩት ወንድማቸው ናቸው። «ብቻዋን ማን አላት? እኔ መኪና አለኝ» አሉ። በየሐሙሱም እናታቸው ሊጡን ፀሐይ ላይ አቡክተው የጋገሩትን ዳቦና የከረመ አይብ ጭነው አስዩት ድረስ ይመላለሱ ነበር። ወይዘሮ ኢንሳፍ በ1973 ተመርቀው በከተማቸው የፕላን ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ።

በዚያን ጊዜ የባቡር ጣቢያው ከሐዲዱ በስተምዕራብ፣ የመንደር መኪኖች ተራ በስተምሥራቅ፣ አውቶቡሱ ደግሞ ከገበያው ጀርባ ነበር። ከባቡር የወረደ መንገደኛ መኪና ለመያዝ ሐዲድ መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ከጣቢያው ወደ መኪና ተራው በቀጥታ የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ ታቅዶ ጸደቀ። የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበረው ፋውዚ አባዲር ግን ድልድዩን ከታቀደለት ቦታ አስነሥቶ ራሱ ካሠራው ከፊርደውስ ሆቴል በር ላይ አስተከለው። ድልድዩን የሚወጣ የሆቴሉ እንግዳ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወርዶ መኪና ተራው ለመድረስ የሆቴሉን አጥር መዞር ነበረና፣ ጓዝ የተሸከመ ገበሬ ያን ሁሉ ዞሮ አይሄድም። ሰዉም ሾፌሩም እንደ ድሮው በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ እያለ ሐዲዱን በእግሩ መሻገሩን ቀጠለ።

በኅዳር 1978 አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አቶ ሪዝቅ የአንዲት አሮጊት ቅርጫት በትከሻቸው ተሸክመው ሲሻገሩ፣ ከቆመው ባቡር ጀርባ በሌላው ሐዲድ የመጣ ሸንኮራ አገዳ የጫነ ባቡር ገጫቸው። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ። በማግስቱ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የድልድዩ ጉዳይ ሲነሣ ፋውዚ አባዲር፣ «ሾፌር ድልድይ መውጣት ከከበደው ሞት ይቀለዋል» አለ። ይህን ሲናገር ወይዘሮ ኢንሳፍ የከተማውን ካርታ ዘርግተው እዚያው ፊቱ ተቀምጠው ነበር። ካርታውን ጠቅልለው ወጡ።

በአገራችን ደም ያለበት ቤት ደሙ ሳይመለስ ለቅሶ አይቀመጥም። ድንኳን አይጣልም፤ እግዜር ያጽናችሁ የሚል ሰው ከደጅ ይመለሳል። አቶ ናሺድ ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ ቄሱን ሳይቀር ከበር መለሱ። የአቶ ናሺድ የወንድም ልጅ አቶ ዋዲዕም ጠመንጃ አንግበው ወደ ሆቴሉ ሊሄዱ ሲሉ ወይዘሮ ኢንሳፍ በሩ ላይ ቆሙባቸው።

«ዋዲዕ፣ ቁጭ በል። ጥይት የሚያመው አንድ ቀን ነው። እኔ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያመው ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ በምን ልትገድይው ነው? በእርሳስ?»

«ያንተስ ጥይት እርሳስ አይደለም እንዴ?» አሏቸው።

አባታቸው ይህን ሰምተው ጠመንጃውን ከአቶ ዋዲዕ ትከሻ አወረዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሪዝቅ ደም መላሽ ኢንሳፍ መሆናቸውን ቤተሰቡ ሁሉ አወቀ።

ወይዘሮ ኢንሳፍ በ1984 የሒሳብ መምህር ከነበሩት ከአቶ ላቢብ ታውፊቅ ጋር በተክሊል ተጋቡ። ደም ባልተመለሰበት ቤት እልልታ ስለማይገባ ሠርጉ ያለ ከበሮ አለፈ። አቶ ላቢብ ቀልደኛ ነበሩና፣ «ከኔ ስም ይልቅ የፋውዚን ስም አብዝተሽ ትጠሪያለሽ። ማንን እንዳገባሽ ረሳሽው እንዴ?» ይሏቸው ነበር። ከዚህ ጋብቻ ወይዘሮ ፌሪያልንና አቶ ናሺድን አፍርተዋል። የወንድማቸውን ልጅ ሳሚህንም ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳድገዋል።

በ1987 ምክር ቤቱ የመኪና ተራውን ከከተማ ውጭ አዛወረው። አስፋልት ፈሰሰ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ወደ ድሮው ተራቸው፣ «ባቡሩ በር» ወደሚሉት ቦታ ተመለሱ፤ አዲሱ ተራ የፍየል መዋያ ሆነ። ሌሎቹ መሐንዲሶች ሾፌሩን ሲራገሙ ወይዘሮ ኢንሳፍ ሻይ ቤት ሄደው ከሾፌሮቹ አለቃ ከኡስታ ሐምዛ አጠገብ ወንበር ሳቡ። ኡስታ ሐምዛም፣ «ኢንጂነር፣ እኛን ከባቡሩ በር የምታርቂን ከሆነ አስቀድመሽ ሚስቶቻችንን ፍቺልን። ምን እናበላቸዋለን?» አሏቸው።

«ላርቃችሁ አልመጣሁም። ባቡሩ በር ላይ ጣሪያ ብሠራላችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ ወይስ እንደ ልማዳችሁ ትናከሳላችሁ?»

«ጥላ ካለማ ምን ያናክሰናል? የሚያናክሰን ፀሐዩ ነው!»

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ እዚያው ሻይ ቤት እየተመላለሱ፣ የትኛው መንደር መኪና ከየትኛው ባቡር ሰው እንደሚጭን፣ ሾፌር የት እንደሚሰግድ፣ ሴቶች ጓዛቸውን አስቀምጠው የት እንደሚጠብቁ ጠየቁ። በቢሯቸው እንዲህ ያለ ልማድ አልነበረምና ባልደረቦቻቸው «የሾፌሮች እመቤት» እያሉ ይዘብቱባቸው ነበር። እሳቸው ግን ስሙን ወደዱት።

በ1999 የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ ባቡሩን፣ አውቶቡሱንና የመንደር መኪናውን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ መናኸሪያ እንዲያቅዱ ታዘዙ። ያቀረቡት ፕላን የሾፌሮቹን አዳራሽ ከባቡሩ መውረጃ ፊት ለፊት ያሳርፋል፤ በዚያ ቦታ የቆመው ፊርደውስ ሆቴል ነው። ከጉባኤተኞቹ አንዱ፣ «በስተደቡብ ያለው የጥጥ ማከማቻ ግቢ ባዶ አይደለም ወይ? ለምን ሕንፃ እናፈርሳለን?» ብሎ ጠየቀ። «ባዶ ነው። መናኸሪያ ብንሠራበትም ባዶ ይሆናል፤ ፍየሎቹን ጠይቋቸው» አሉ። ፕላኑ በ2001 ጸደቀ። ኋላ አቶ ዋዲዕ፣ ትክክለኛው ቦታ ሌላ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር ብለው ሲጠይቋቸው፣ «መስመሩን አጣምመው ነበር። እግዜር ከኃጢአቱ አተረፈኝ» ብለዋል። ይህን ከቤተሰብ ደብቀውት አያውቁም፤ እኛም ዛሬ አንደብቀውም።

በ2002 ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ፋውዚ አባዲር መግነዙን በሁለት ክንዱ ታቅፎ፣ ራሱን ገልጦ፣ ቄስና ሼህ አስከትሎ በእግሩ ወደ ቤታችን መጣ። መግነዙን ይዞ የመጣ ደመኛ ሞቼአለሁ ቅበሩኝ ማለቱ ነው። መግነዙ ከተነሣለት ደሙ ይደርቃል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ከእንግዲህ ማንም በእሱም በንብረቱም ላይ እጁን አያነሣም። መንገዱ በሰው ተሞላ። ደመኛው በወይዘሮ ኢንሳፍ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ «ኢንሳፍ ልጄ፣ ይኸው መግነዜ። ደሙ ይብቃ» አለ።

«አቶ ፋውዚ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መግነዝ ከገበያ ጠፍቶ ነበር?»

ፋውዚ መግነዙን ከፍ አድርጎ ዘረጋላቸው። እሳቸውም፣ «መግነዙ ለርስዎ ነው ወይስ ለሆቴሉ?» ብለው ጠየቁት። ከሰዉ መካከል የሾፌር ሳቅ ተሰማ።

ቄሱ፣ «ልጄ፣ የወደቀን ሰው አትመልሺ» ብለው ለመኗቸው።

«አልመለስኩትም አባ። ሆቴሉ ይፍረስና ይዞት ይምጣ። ያን ቀን በእጄ አነሣለታለሁ፤ ድንኳኑንም ራሴ እጥላለሁ።»

ፋውዚ አባዲር መግነዙን አጣጥፎ ሄደ። ከተማው ግን ለወይዘሮ ኢንሳፍ አልራራም። መግነዝ የመለሰች ሴት በናዝለት ሚካኤል አልታየችም ተብሎ በቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ከዚህ ሁሉ የከበዳቸው የእናታቸው ነገር ነው። ወይዘሮ ማቲልዳ ያን ቀን ሁሉን በመስኮት አይተው ነበር። ኋላም ዐይናቸው ፈዞ፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ ተይው። የሪዝቅን ድንኳን ሳላይ አልሙት። ሰው መጥቶ እግዜር ያጽናሽ ይበለኝ» አሏቸው። ወይዘሮ ኢንሳፍ የእናታቸውን እጅ ሳሙ፤ ድንኳኑን ግን አልጣሉም። ወይዘሮ ማቲልዳ በዚያው ዓመት ክረምት ስለ ልጃቸው የአንድ ሰው ማጽናኛ ሳይሰሙ ዐረፉ። ወይዘሮ ኢንሳፍ ከዚያ ወዲያ በዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አያውቁም።

በ2004 ሆቴሉ ፈረሰ። ጣሪያው ሲደረመስ ሾፌሮቹ ጡሩንባቸውን ለቀቁት፤ ወይዘሮ ኢንሳፍ ጥቁራቸውን እንደለበሱ አቧራው እስኪያልፍ ቆመው ተመለከቱ። ወደ ቤት ተመልሰውም በሩን ከፍተው ጠበቁ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። መግነዙን ይዞ የመጣ አልነበረም። ፋውዚ አባዲር ካሳውን ተቀብሎ እስክንድርያ ልጁ ዘንድ ሄዷል ተባለ። «አየህ ዋዲዕ፣ መግነዙ የሆቴሉ ነበር» አሉ ወይዘሮ ኢንሳፍ።

መናኸሪያው በ2007 ሥራ ጀመረ። ከባቡር የወረደ ሰው በጣሪያ ሥር ሄዶ መኪናው ወይም አውቶቡሱ ላይ ይወጣል፤ የአጥሩ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሐዲድ ላይ የሞተ ሰው የለም። ሾፌሮቹም ተራ ይጠብቃሉ፤ ሲናከሱ የታዩት አልፎ አልፎ ነው።

ወይዘሮ ኢንሳፍ በ2010 ጡረታ ወጡ። በ2016 ባለቤታቸው አቶ ላቢብ ዐረፉ። ከ2021 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በየካቲት 2023 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመጨረሻው ሳምንት የንስሐ አባታቸው ቄስ ሰራባሞን፣ ፋውዚን ይቅር ብለዋል ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። «ይምጣና ልየው። በሩ ተከፍቶ አይደለም ወይ የሰነበተው?» አሏቸው። ከዚያም ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «እሱ መግነዙን አላመጣም፤ እኔ የራሴን ለብሼ ልሄድ ነው። የሪዝቅንና የእኔን ድንኳን አንድ ላይ ጣሉት» ብለው አዘዙ።

ስለዚህ የናሺድ ቡቅጡር ቤት የአቶ ሪዝቅንና የእህታቸውን የኢንጂነር ኢንሳፍን ለቅሶ ከቀብር በኋላ በአንድነት ይቀመጣል። ቦታው ፊርደውስ ሆቴል ቆሞበት የነበረው የሾፌሮች አዳራሽ ነው። ፋውዚ አባዲር በሕይወት አለ። ቢመጣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ይቀመጣል፤ የሪዝቅ ልጅ ሳሚህ በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል፤ ሰዉም መግነዝ ሳይዝ ባዶ እጁን መምጣቱን ያያል።

የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት የነበሩትን ኢንጂነር ኢንሳፍን፣ ደም ሲጮኽ የሚሰማ አምላክ በቀኙ ያቁማቸው። የአቶ ሪዝቅንና የወይዘሮ ማቲልዳን ነፍስ ይማር። የቀረውን ፍርድ እሱ ይጨርስልን።