የጋሪው ዕድሜና የዳለቻዋ በቅሎ ጉዳይ

ይድረስ ድሬዳዋ ለሚገኘው ለታላቅ ወንድሜ ለዋጋሪ ሞረዳ።

አካም ጅርታ ወንድሜ? ፈያ ነህ ወይ? እንደምን ከረምክ፣ እንደምን ባጀህ? የድሬዳዋ ሙቀት ገና አላቀለጠህም? ጋራዡስ፣ አለቃህስ፣ ያ አልለቅ ያለህ ሳልስ እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከአያታችን ከአባባ ዋቅወያ ጉልበት በቀር ቤቱ ሁሉ ጤና ነው። ጉልበታቸውም ቢሆን የሚብሰው ሥራ ሲባል ነው፤ ሰርግ ሲባል ይሻለዋል።

ይህን በጥድፊያ የምጽፍልህ አጎታችን ታፋ ለአንተ የሚጽፍበት ወረቀት ሲገዛ ስላየሁት ነው። የሚጽፈውም «ድርቤ ዳለቻዋን በቅሎ ልታሳጣን ነበር» ብሎ ነው። እውነቱን ነው። ግን ከጥፋተኛዋ አፍ ብትሰማው ይሻልሃል፤ እኔ ቢያንስ አሳጥራለሁ፤ ታፋ እንደሆነ አንድ ነገር ሲጀምር ከቅድመ አያቱ ነው።

ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸውን ጋሽ ፈድሉን ታውቃቸዋለህ። እሳቸው ከመንገድ ሥራ ካምፕ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠውን ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ አመጡ። የጎልፍ ጋሪ ይባላል። ፈረንጆቹ አንዲት ትንሽ ኳስ በዱላ አርቀው ይመቱና፣ ራሳቸው ያራቋትን ራሳቸው ሲከተሉ እግራቸው እንዳይደክም ይቀመጡበታል አሉ። ነዳጅ አይጠጣም። ማታ መብራት ሲመጣ በገመድ እንደ ጥጃ ይጠባል፣ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ታፋ «ሞተር የሌለው መኪና የለም፣ ደብቀውታል» ብሎ ግማሽ ቀን ከሥሩ ተኝቶ ፈለገ። ያገኘው ግሪስ ብቻ ነው፤ እሱንም በነጭ ጋቢው።

አባባ አንድ ጊዜ ተቀምጠውበት ከበከኒሳ ቀሴ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ልባቸው እዚያው ቀረ። በበቅሎ መሄድ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ዓመት ሆኖታል፤ እሑድ እሑድም ቤት መቅረት ጀምረው ነበር። ጋሽ ፈድሉ በበኩላቸው በሲሬ በኩል ወደ ገጠር ገበያ የሚወጡበት በቅሎ ይፈልጋሉ። እናም ጋሪው በዳለቻ እንዲለወጥ ተነጋገሩ፤ አንተ ከውርንጭላነቷ ጀምረህ ባሳደግካት ዳለቻ። አባባ ግን «ያረጀ ከሆነ አልፈልግም። ለዚህ ቤት ያረጀ እኔ እበቃለሁ» አሉ። ጋሽ ፈድሉም «ወላሂ ዕድሜውን አላውቅም። እናንተው መርምሩ፤ እስከሚመጣው ቅዳሜ ካልተስማማችሁ መልሱልኝ» አሉ።

ለምርመራው ኦቦ ገቢሳ ተጠሩ። በሰፈራችን የበቅሎ ዕድሜ የሚታወቀው እሳቸው ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን ሲያዩ መሆኑን አልረሳህም፤ ዳለቻንም ስምንት ዓመቷ ነው ያሉት እሳቸው ናቸው። ጋሪውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። የሚገለጥ ከንፈር ሲያጡ ጎማውን በጥፍራቸው ጫር ጫር፣ መሪውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ በመጨረሻ ወንበሩን አሸተቱት። «ይሄ ከበቅሎዋ ይበልጣል» አሉ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። «ኦቦ፣ ደግሞ ጋሪ እንደ ቅቤ እየተሸተተ ዕድሜው ይታወቃል?» አልኳቸው።

ከወንበሩ ሥር ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ነበረ፣ አጠገቡም የእንግሊዝኛ መመሪያ። ስምንተኛ ክፍል መሆኔን አገር እንዲሰማልኝ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ ይላል። ቆርቆሮው ላይ የተመታው 62 ብሎ ነው የሚጀምረው። «ስልሳ ሁለት! ዘንድሮ ስልሳ ሦስት ነው፤ ጋሪው የአንድ ዓመት ልጅ ነው!» ብዬ ፈረድኩ። አባባ አጨበጨቡ። ኦቦ ገቢሳ «እንግዲህ የተማረ ካለ አፍንጫ ምን ያደርጋል» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ዳለቻም በዚያው ዕለት ተወሰደች።

ሐሙስ ጠዋት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ማርች 1971። ጋሪውን የሠራው ፈረንጅ፣ መመሪያውን የጻፈው ፈረንጅ፤ ታዲያ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚመታው ለማን ብሎ ነው? የእነሱ ስልሳ ሁለት የእኛ ሃምሳ አራት ነው። ጋሪው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዳለቻ በዓመት ይበልጣል። የኦቦ ገቢሳ አፍንጫ ስምንተኛ ክፍልን አለፈ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ አልዋሽህም፣ ዝም ልል ቃጥቶኝም ነበር። አባባ እኮ ጋሪውን በአዲስ ፎጣ ነው የሚወለውሉት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ዳለቻ ከጋሽ ፈድሉ ግቢ ገመዷን በጥሳ መጥታ፣ በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። እሷን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ፤ ገብቼ ለአባባ ተናገርኩ።

አልተቆጡም። «የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በስንት ይርቃል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። በሰባት ወይም በስምንት አልኳቸው። ተነሥተው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ፣ ድሮ የሚሲዮን ፈረንጅ የጻፈላቸውን የጥምቀት ወረቀት አወጡ። የልደታቸው ዓመት 1899 ይላል። አባባ በዚህች ቁጥር እያሰቡ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው ሲሉ ኖረዋል። በጣቴ ቆጠርኩና ሰባ አንድ፣ ምናልባትም ሰባ ሁለት መሆናቸውን ነገርኳቸው። ኦቦ ገቢሳ ስልሳ ስምንት ናቸው! አባባ አርባ ዓመት ሙሉ «ታላቄ» እያሉ ከወንበር የሚነሡላቸው ሰው ታናሻቸው ኖረዋል።

ወረቀቱን አጥፈው መለሱት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የጋሪውን ትናገሪያለሽ፤ የእኔን ትውጫለሽ» አሉኝ።

ትናንት ቅዳሜ ጋሽ ፈድሉ ሱቅ በር ላይ ተሰበሰብን። ጥፋቴን በራሴ አፍ ተናገርኩ፤ ኦቦ ገቢሳንም ይቅርታ ጠየቅኩ። «አሽትቼ ነግሬያችሁ አልነበር?» እያሉ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ አፍንጫቸውን አሳዩ። ታላቅ እሳቸው ስለሆኑ ፍርዱም ለእሳቸው ተሰጠ። ፍርዳቸው እውነትም የታላቅ ሰው ነበር። በቅሎዋ ለእኛ፣ ጋሪው ለጋሽ ፈድሉ ይመለስ፤ ነገር ግን እሑድ እሑድ ጋሪው አባባን ቤተ ክርስቲያን ያድርስ፣ በሲሬ ገበያ ቀን ደግሞ ዳለቻ ጋሽ ፈድሉን ታድርስ አሉ። ጋሽ ፈድሉ ሳቁና «እኔስ ብሆን ያመንኩት ልጅቷን ነው» ብለው ገመዷን አስረከቡን።

ከዚያ ኦቦ ገቢሳ «የተመለሰች በቅሎ መጀመሪያ በታላቅ ሰው ትባረካለች» ብለው ሊወጡባት ተነሡ። አባባ በዚያ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው እርካቡን ያዙላቸው። እኔ አፌ ሲያሳክከኝ አዩና ዐይናቸውን ጠቀሱኝ።

እናታችን በቀለች ሰላም ብላሃለች፤ ብላ ጠጣ ትልሃለች። አባታችን ከሲሬ በሚመጣው ሳምንት ይመለሳል። ታፋ ጋቢው እስኪነጻ ድረስ ሰላምታውም ጥቁር ነው። አባባ ዛሬ በጋሪው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መጥተው ግንባርህን ይስሙሃል። ጋሽ ፈድሉም ናፍቀውሃል። አንተም መልስ ስትጽፍ በሰላምታው ላይ ኦቦ ገቢሳን ከአባባ አስቀድመህ ጥራቸው።

እህትህ ድርቤ ሞረዳ
ነቀምቴ፣ መጋቢት 12 ቀን 1963 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር)