ቤት ናት እንዳትይ

እየሩስ፣
እይልኝ ያልሽኝ ሽሮ አርሯል። ድስቱን ነክሬዋለሁ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

ከቤት መሥራትስ ደግ ነበር፤ ባጃጅ የለ፣ ጫማ የለ። ግን አንቺ ለሰፈሩ ሁሉ «ወይኒቱ ቤት ናት» ብለሽ፣ ይኸው እማማ ተሻለች በርበሬያቸውን ግቢያችን አስጥተው «ጠብቂ» ብለውኝ ግሸን ሄዱ። አውራ ዶሮ ሲጭረው «አንተ ሌባ፣ ውጣልኝ!» ብዬ ብጮህ፣ አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ደንግጦ ከስብሰባው ወጣ።

ላፕቶፔን ይዤ ሐይቁ ዳር ሄጃለሁ።
በርበሬውን ሳይመሽ አስገቢው።

እናትሽም መጥተው ነበር። ስሠራ አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ሥራ ይሰጥሻል» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ሰው ከጠየቀሽ «ሥራ ሄዳለች» በይ።
አንዴ እንኳ ካፍሽ ይውጣ።

ወይኒቱ