አንድ ዓይነት ብስክሌት ብቻ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ሻል አለው? እኔና አምባው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለን የለም።

አባባ፣ በስልክ ስለ ብስክሌት ሥራችን ሲጠይቁኝ ወሬ ብቀይርብዎ እንደተጨነቁ ብሩህ ነግሮኛል። እውነትም ያን ጊዜ ለመዝጋት ጥቂት ነበር የቀረን። አስፋልት ዳር የተከራየናት ሱቅ የሕፃን፣ የእሽቅድድም፣ ባለ ማርሽ፣ ያልታጨቀባት ብስክሌት አልነበረም። ሰው ይገባል፣ ደወሉን አቃጭሎ ይወጣል። ባሌ አምባው «ዕቃ አንሶን ነው፤ ሱቅ እንጨምር» ይላል። እኔ ደግሞ «የሚፈለገውን አንድ ዓይነት ብቻ እንሥራ» እላለሁ። በዚህ ተኮራረፍን።

ያስታረቀችን አደሴ የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አንድ ጠዋት ከፈረቃ ወጥታ መጣችና «ታክሲ ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ። በቀሚስ የሚነዳ፣ ምሳ ዕቃዬን የምጭንበት የላችሁም?» አለች። ከታጨቀው ሁሉ አንዱ እንኳ አልሆናትም። አምባው ዞር ብሎ አየኝና ሳቁ አመለጠው፤ ኩርፊያው እዚያው አበቃ።

በያጃችን ሮሪሳ የአሮጌ ብስክሌት ብረት ቆርጦ፣ መሃሉን ዝቅ አድርጎ፣ ከኋላ መጫኛ አበጀላት። ሰፈሩ «ሴት በብስክሌት!» ብሎ አፉን ያዘ። እሷ እቴ! ቀና ብላ ነዳችው። ጓደኞቿም ተከትለዋት መጡ።

ከዚያማ የተከመረውን በተገኘው ዋጋ ሸጠን፣ ሱቁን ለቀን ሥራውን ወደ ግቢያችን አስገባነው። የምንሠራው ያቺኑ ዓይነት ብቻ ነው። ቀብድ ሳንይዝ ብረት አንቆርጥም፤ ጎማና ካቴናም አንከምርም። ከእኛ ለገዛች ጎማ የምንነፋው በነፃ ነው፤ ልታስነፋ ስትመጣ ጓደኛዋን ታስከትላለች፣ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገንም። ለኪራይና ለዝገት ስንገብር የኖርነው ዛሬ ለእኛው ቀረ።

ለመጻፍ ያስቸኮለኝን ደስታ ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው ራሱ ለሠራተኞቹ ያዘዘንን አስረከብን። ፈረቃው ሲለቀቅ በሩ ተከፈተ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደወሉን እያቃጨሉ፣ እንደ ሰርግ አጃቢ ተያይዘው ወጡ። ወደ ቃሊቲ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ቆመው አሳለፏቸው። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ባለሱቆቹ እልል ይላሉ። አምባው ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረው፤ የት እንደወደቀ እስካሁን አላገኘነውም።

ወንድሜን ብሩህን «ያንን ጢም ተላጨው» ብላሃለች ይበሉልኝ። እህቴን ፍቅርተማርያምን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሏት፤ አራሱን ሕፃን ግንባሩን ይሳሙልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ። እኔም ገበያ የምሄደው በብስክሌት ሆኗል፤ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው የሚያነቡላት ከሆነ ግን፣ አባባ፣ ይቺን መስመር ይዝለሏት።

ልጅዎ ሥርጉት
አቃቂ፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.