የአስራ ሦስት ዓመቷ እናቴ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ይህ ደህና ከተባለ።

እማዬ፣ ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ። ስልኩን ስለምትዘጊብኝ በወረቀት ይሁን ብዬ ነው። በአዲሱ ሕግ ከአስራ ስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ሊዘጋ ነው። በምሠራበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ለዚህ የማዘጋጀቱ ሥራ የወደቀው እኔ ላይ ነው። በልጆቹ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ለተቀመጡ ወላጆች፣ ገጹ ሳይዘጋ ልጃችሁ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠይቁ፣ ሌላ መገናኛ አብጁላቸው እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዱ አባት፣ ልጄ ካኮረፈች እኔ ነኝ ቤቱን ለቅቄ የምወጣው አለኝ።

ቤቴ ስገባ የልጅ ልጅሽ ታለቅሳለች። ለካ የእሷ ብቻ ሳይሆን ያንቺም ሊዘጋ ነው። ገጹን ስትከፍትልሽ የልደት ቀንሽን ስላላወቀች የራሷን ሞላችልሽ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ አስራ ሦስት ዓመትሽ ነው። ለምን አልጠየቅሻትም ብላት፣ ጠይቄያት «ዕድሜ የሰጠኝ ያውቀዋል» አለችኝ አለች።

ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ለእሷ ተረቱንም የጎረቤት ወሬውንም በየቀኑ በድምፅ ትልኪላታለሽ። እኔ ስደውል፣ ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊያለሽ። ስጽፍልሽ መልስሽ አንዲት የአውራ ጣት ምስል ናት። ታምሜ ሆስፒታል ተኛሁ ብዬ ስጽፍልሽ እንኳ አውራ ጣት ላክሽልኝ። አንጀቴ አረረ፣ እማዬ። ምን በደልኩሽ?

እዚህ ላይ ደርሼ ልጅቷን ፖስታ አምጪልኝ ብላት፣ ወረቀቱን አየችና ማን ሊያነብላት ነው አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብዬ ስጨቀጭቃት ጊዜ፣ ፊደል ማየት ካቃተሽ ወራት ማለፋቸውን ነገረችኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለሻታል አሉ። የጻፍኩትን ሳታዪ የምትነኪያትን አውራ ጣት የት እንዳለች ያስጠናችሽም እሷው ናት።

የሰውን ወላጅ ልጃችሁን ጠይቁ እላለሁ፣ የራሴን አንድ ቀን ሳልጠይቅ።

ከላይ ያለውን አልሰርዘውም፤ አሁንም ተናድጃለሁ። ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ ነበረብኝ፣ ሌላ ሰው ይምራው። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አልሰጠውም፤ ልጅቷ ይዛው ትመጣለች፣ እሷው ታነብልሻለች። «አውራ ጣቱ ጋ ስትደርሺ ዝለይው» ብያታለሁ። አትዘለውም፤ ግትርነቷን ካንቺ ነው የወሰደችው።

እስክንደርስ ዓይንሽን ያቆይልኝ።

ሥራዋን ጥላ የምትመጣው ልጅሽ