ዓወትን ከውኃው ማን ይቀበለው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1። ማታ

ዛሬም ወተት አፈላሁ፣ ሳልቀምስ። ጾም ከገባ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። መሀል ከተማ ያለች አንዲት ባር የቡና ማሽኗ እንፋሎት አልሰጥ ብሏት ጠራችኝ። ቱቦው በደረቀ ወተት ተደፍኗል። ፈታሁ፣ በሽቦ ጎረጎርኩ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። መፈተኛ ማኪያቶ ተሠራ። ማን ይቅመስ? ባንኮኒው ላይ የምትሠራው ልጅ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ቄሷ ፈቅደውላታል። ስለ እኔ ጠጣችልኝ። ጥሩ ነው አለች። በሷ ምላስ አምኜ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ለአለቃዬ ለኣቦይ ግርማይ ስነግረው ሳቀ። የሰው ምላስ ተውሶ የሚሠራ መካኒክ በዕድሜው አላየም።

ደብተሬ፣ ወሬው ግን ይህ አይደለም።

ለተብርሃን (ከእንግዲህ ለ/ብ. ብቻ ነው የምጽፈው፣ እጄ ይደክማል) ጎዳይፍ ግቢያችን ውስጥ ከእኔና ከእናቴ ከአደይ በር ፊት ለፊት ያለውን ክፍል የያዘች ተጋዳይ ናት። ከበረሃ ከገባች ዓመት አልሞላትም። ልጇ ዓወት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አባቱ ከተማዋ ነፃ ልትወጣ ጥቂት ሲቀር ተሰውቷል። ልጁ በረሃ ስለተወለደ ክርስትና አልተነሳም።

ወደ ማታ ልጇን አቅፋ መጣች። የወደቡ ከተማ ባጽዕ ተመድባለች፣ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ልጁን ክርስትና ልታስነሳ ትፈልጋለች። ወንድ ዘመድ የላትም። ሁለቱም ወንድሞቿ በረሃ ቀርተዋል። የክርስትና አባት (ክ/አባት) ሁንልኝ አለች። ሳትጨርስ እወ፣ እሺ አልኩ። ሁለት ጊዜ።

ያን ሁሉ ጓድ ትታ እኔን መረጠች! እኔን ገባሩን። ተጋዳዮቹ የከተማውን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት። እነሱ ሲዋጉ እኔ አፈሳ በመጣ ቁጥር አደይ ኮርኒስ ውስጥ ትከተኝ ነበር። እዚያ አቧራ እየሳብኩ ወንድ ማለት ምን ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ዛሬ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልናገር። ይህችን ሴት እወዳታለሁ። ከገባች ሳምንት ጀምሮ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ጠዋት አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት ቤ/ክ በር ላይ ማዕተብ ገዛሁ፣ ለዓወት። ሦስት ቀለም የተፈተለ ክር፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል። ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩት ዋልኩ።

ማታ ለአደይ አሳየኋት። እልል ትላለች ስል ጎመን መቀንጠሷን አቆመች። ከዚያ፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ ከውኃ ከተቀበልከውማ እናቱ ሓፍትኻ እያ። እኅትህ ናት፣ በቃ» አለችኝ።

ምን ማለት ነው? ማለቱማ ግልጽ ነው። ክ/አባት የሆነ ሰው የልጁን እናት አያገባም። ከሥጋ ዝምድና ይብሳል። አደይ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን መኖሩን አላወቀችም ነበር። አሁን አወቀች፣ ወልዳዋለች።

እንዴት ነው የሳትኩት? እስከ ዛሬ ማንም ክ/አባት ሁን ብሎኝ አያውቅም። ለዚያ ነው።

ደግሞ አደይ ለ/ብ.ን መውደዴን በምን አወቀች? አልነገርኳትም። ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች።

ዐርብ፣ መጋቢት 4

አባ ዘንድ ሄድኩ፣ የነፍስ አባታችን። «አንድ ጓደኛ አለኝ» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው፣ «ጓደኛህ ደኅና ነው? ከስቷል» አሉኝ፣ እኔን እያዩ።

ሕጉ እውነት ነው። መውጫ የለውም። ያጠመቀው ውኃ ያዛምዳል አሉ።

እዚያ ከደረስኩ አይቀር ጠየቅኩ። ወንድ ልጅን ለምን ሴት ክርስትና አታነሳም? ክ/አባት ምን ይሠራል? አባ ጥያቄ ይወዳሉ። መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አስረዱኝ። ሕፃኑ መናገር አይችልም፤ ክ/አባቱ አፉ ነው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክድለት፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚያምንለት እሱ ነው። እርጥብ ገላውን ተቀብሎ ያቅፈዋል። ሲያድግም ወንድ መሆንን ከእሱ ያያል። ነገሩ ይህ ነው።

ለራሱ መናገር ያቃተው ሰው ለሌላ አፍ ሊሆን! ይህን ለአባ አልተናገርኩም።

ስለ ዮሴፍም ጠየቅኩ፣ ስለ ጠራቢው። ያልወለደውን ልጅ ያሳደገ ሰው ነውና። አባ አንድ ነገር አሉኝ፣ እስካሁን ይዞኛል። በወንጌል ውስጥ ዮሴፍ አንድ ቃል አይናገርም። ይታዘዛል፣ ይነሣል፣ አህያውን ይጭናል፣ ይሄዳል። ቃል ግን የለም።

እቤት ገብቼ ማቴዎስን ገለበጥኩ። እውነታቸውን ነው። ደስ አለኝ። እንግዲህ ዝም ብሎም ወንድ መሆን ይቻላል። ዝም ብዬ ክ/አባት እሆናለሁ፣ ዝም ብዬ እወዳታለሁ፣ ዝም ብዬ አረጃለሁ። ዛሬ ቅዱስ ነኝ፣ አትንካኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ቅድስናው ሁለት ቀን አልቆየም። ከቅዳሴ ስመለስ ለ/ብ. የግቢውን ውኃ በሁለት ባልዲ ተሸክማ አየኋት። ልቀበልሽ ብል እንቢ አለች። እጅጌዋ ተሰብስቦ ክንዷ ላይ ያለው የጥይት ጠባሳ ይታያል።

ፌርማታው አጠገብ ሰይድ ሻሂ ቤት ገባሁ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው። አማርኛ ሲያምረኝ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን በዚሁ ቋንቋ ነው። አሁን ከሱና ካንተ በቀር የሚያናግረኝ የለም። ለሱም ረመዳን ገብቷል። እኔ የማልቀምሰውን ወተት አፈላለሁ፣ እሱ የማይቀምሰውን ሻሂ። ስኳሩ በዛ አልኩት። ባልቀመስኩት ምን ላውቅ ብሎ ሳቀ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ሰው ስላልነበረ ነው።

አልደነቀውም። እነሱም ዘንድ አለ፣ በጡት። ከአንዲት ሴት የጠቡ ልጆች ወንድምና እኅት ናቸው፣ አይጋቡም። እናንተን ውኃ ያዛምዳችኋል፣ እኛን ወተት አለ። በሁለታችን መጻሕፍት ፈሳሽ ነገር ይህን ያህል ጉልበት ማግኘቱ አስገረመን። እሱን እያወራን ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ የኔ ነገር ተረሳ።

ልወጣ ስል ያዘኝ። ለሴትየዋ ነግረሃታል? አልነገርኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል አልኩት።

«እንጀራስ ይገባበታል ወይ?» አለኝ። «አብሽር ወንድሜ። እሷ ሳትሰማ ነው የምትከለክላት?»

ከበሩ ላይ ተመልሼ የጥጋብ ሳይሆን የጭንቀት ሁለተኛ ሻሂ ጠጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

የለ/ብ. የላምባ ምድጃ፣ ፎርኔሎዋ፣ ጭስ በጭስ ሆኖ ልሠራላት ገባሁ። ፊቲሉ አጥሯል። ዓወት መፍቻዬን ወስዶ አልጋ ሥር ገባ።

ስለ ባሏ ጠየቅኳት። ስንት ወር ፈርቼ የተውኩት ጥያቄ ነው። ቀላል ሆኖ ተገኘ፣ ማውራት ትወዳለች። ጀግና ነበር፣ የአንድ ኃይል መሪ። ጅብ አይፈራም፣ አውሮፕላን አይፈራም፣ ድመት ይፈራል። ድመት ከገባች ምሽጉን ለቆ ይወጣ ነበር። ጓዶቹ እየሳቁ ድመቷን ያስወጡለታል። እዚያ ወንዶቹም በተራ ያቦካሉ፣ ይጋግራሉ። የሱ ቂጣ ግን የታወቀ ነበር፣ ድንጋይ። እሷ ደግሞ የጭነት ማኪና ትነዳ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። እኔም ሳቅኩ። እንባዬን ግን ለፎርኔሎው ጭስ ሰጠሁት።

ይገርማል። ስንት ወር ራሴን ከሱ ጋር ስለካ ኖርኩ፣ ለካ በድመት የሚሸሽ ሰው ነበር። በድመት ስለሸሸ አላነሰብኝም። እንዲያውም ወደድኩት። ባገኘው ጥሩ ጓደኛ ይሆነኝ ነበር።

አልነገርኳትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዓወት በመፍቻው ጉልበቴን መታኝ።

ዐርብ፣ መጋቢት 11። 12 ሰዓት ገደማ

ነገርኳት።

መጥፎ አድርጌ ነው የነገርኳት። ልብስ ስታሰጣ ደረስኩባት። ስለ እሑዱ ክርስትና ልታወራ ስትል እኔ ስለ ሕጉ ጀመርኩ፣ ልክ እንደ አባ። ውኃው እንዲህ፣ ዝምድናው እንዲህ። ክ/አባት ከሆንኩ ላገባሽ አልችልም አልኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩ ገባኝ። ላገባሽ ብዬ ሳልጠይቅ አልችልም ብያለሁ። ጆሮዬ ጋለ።

አንሶላውን ማሰጣቷን ቀጠለች። አውቃለሁ አለች። ሕጉን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ እናቷ የቤ/ክ ሰው ነበሩ። ታዲያ ለምን? እኔን ስትጠብቅ ኖራለች። እወድሻለሁ አላልኩም። አይፈልገኝም ብላ ደመደመች። ለልጄ አባት የምትሆንበት ሌላ መንገድ የቀረ አልመሰለኝም አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም።

እኔ፣ ሞኙ፣ ስለ ዮሴፍ ነገርኳት። አንድ ቃል እንዳልተናገረ።

አንሶላውን ለቀቀችው። «ዮሴፍስ ዝም ቢል ለማርያም ገብርኤል ነግሯታል» አለች። «ለእኔ ማን ነገረኝ?»

ከዚያ ጥያቄዬን በሥርዓቱ ጠየቅኩ። እሺም እንቢም አላለችም። ክርስትናው እሑድ ነው፣ አይቀርም። ልጄ በሁለት ሰው ንግግር መሀል ያለ ማዕተብ አይቆይም። ክ/አባት አትሆንም ካልክ የሚሆን ሰው ፈልግ፣ ጊዜህ ነገ ብቻ ነው አለች። የአባቱ ስም የአባቱ ነው፣ ማንም አይነካውም አለች። እወ አልኩ። ይህን እንኳ ሳታዝ አውቀው ነበር።

ባልዲውን አንስታ ገባች። አሁን አደይ ምን አለችህ ትለኛለች። ምንም አላለችኝም። ሁሉን አለችኝ። የቱ እንደሆነ አላወቅኩም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ኣቦይ ግርማይ። ሌላ ማን አለኝ። ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ።

ስደርስ ከባጽዕ የመጣ ማሽን ፈትቶ ከፊቱ ዘርግቶታል። ከተማዋ ግማሹ ፍርስራሽ ነው ይላሉ፣ ቡና ግን ይጠጣል። ጨው ቱቦውን በልቶታል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። እዚያ የሚጠግን ሰው የለም፣ ሁሉም ወደ እኔ ይጭናል ብሎ አጉረመረመ። ነገሬን ሰማ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ሰባት ልጆች ማሳደጉን አስታወሰኝ። ስምንተኛ ላንተ ስል ነው አለ። «ሃየ፣ ደሓን» ብሎ እሺታውን ሰጥቶኝ ወደ ቱቦው ተመለሰ።

ማዕተቡን ሰጠሁት። ከኪሴ ሲወጣ ቅር አለኝ፣ አልዋሽህም። ኮርኒስ ውስጥ ሆኜ ወንድነት አንድ ትልቅ ነገር ማድረግ ይመስለኝ ነበር። ለሰው አሳልፎ መስጠትም እንዳለበት ማን ነገረኝ?

ለለ/ብ. ሰው አገኘሁ አልኳት። «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነችኝ። በሩን አልዘጋችውም፣ አልከፈተችውምም።

እሑድ፣ መጋቢት 13። ከሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ አደይ ለምሳ ትጠራኛለች።

አባ ኣቦይ ግርማይን ሲያዩ እኔን ፈለጉኝ፣ ቅንድባቸውን አነሡ። ኣቦይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የኮሌታው ጠርዝ ላይ ግራሶ ይታያል። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ሲክድ ድምፁ ጋራዥ ውስጥ እንደሚጮኸው ነበር። እኔ ከበስተኋላ በከንፈሬ ብቻ አብሬ ካድኩ። ይህ አያዛምድም፣ አባን በኋላ ጠይቄያለሁ።

ዓወት ውኃው ሲነካው ጮኸ። ሲወጣ እርጥብ እጁን ዘረጋ፣ ወደ እኔ። በኣቦይ ትከሻ ላይ አሻግሮ ስሜን ጠራ። እግሬ አንድ እርምጃ ሄደ። እጆቼን ኪሴ ከተትኩ። እግ/ር ያውቃል፣ እንደዚያች ደቂቃ የከበደኝ ነገር የለም። ልጁ እኔን እያየ አለቀሰ፣ እኔም እሱን እያየሁ። ኣቦይ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ያዘው፣ ማዕተቡን አሰሩለት።

ቅዳሴው አልቆ ወጣን። ለ/ብ. ልጁን ከኣቦይ ተቀብላ ከሴቶቹ ጋር ትሄዳለች ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ፌርማታው ጋ ቆመች፣ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። በሰዉ ሁሉ ፊት ልጁን ዘረጋችልኝ።

«ሓዞ» አለች። «ያዘው፣ ከቢዱኒ።»

አልከበዳትም። በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ የምትሸከም ሴት ናት።

ያዝኩት። ፀጉሩ ገና እርጥብ ነው። ሸሚዜ ደረቴ ላይ ረጠበ፣ አሁንም አልለወጥኩትም። አደይ አይታ እንዳላየች ወደ ሰማይ ቀና አለች። አውቶቡሱ መጣ፣ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ነገ ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር፣ ለኣቦይ ግርማይ የምነግረው አለኝ። ባጽዕ ላይ ቱቦ የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል። ቀድሜ ግን እሷን ልጠይቃት፣ አሁን፣ በሯ ክፍት ስለሆነ።