እቴጌ ሰማይ እስክትወጣ

ሐምሌ 28
የማታ የጽሕፈት ትምህርቱን ጨረስኩ። መምህሬ ራኬብ "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፣ ጋሼ ብዙነህ፣ አለዚያ እጅዎ ይረሳል" አለችኝ። የኔ እጅ? ሠላሳ ዓመት የለንደን ባስ ያጠበ እጅ… ይሁን። ጽሕፈቴ ያምራል። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። አራት ነን።
ዛሬ ዝናብ። ሥራ ገባሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ወጣሁ።

ሐምሌ 30
አዲስ ጭልፊት መጣች። ገና ልጅ ናት፣ ዓይኗ ግን የዳኛ ነው። እቴጌ አልኳት። አለቃዬ ቤንጃሚን "ናይስ" አለ። እዚሁ የተወለደ የሀበሻ ልጅ ነው፣ እናቱን አውቃታለሁ።
ሥራችን የገበያ ጣሪያ ላይ የሚያስቸግሩ ርግቦችን ማስፈራራት ነው። አሁን የሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ይጠብቀናል። ጭልፊቷ ከፍ ብላ ካልዞረች ርግቦቹ አይፈሯትም፣ ዶሮ ትመስላቸዋለች። ከፍ ማለቱን በድሮን ትማራለች። ከድሮኑ ሥር ሥጋ በገመድ ይንጠለጠላል። ወጥታ ትነጥቃለች፣ ይዛው ትወርዳለች። በማግስቱ ድሮኑ ጨመር አድርጎ ይወጣል። እንዲህ እያለ ደመና ድረስ…
"ፍልሰታ ሲፈታ የገበያው ሰዎች መጥተው ያዩዋታል" አለ ቤንጃሚን። "ካልወጣች ወደ መጣችበት ትመለሳለች።"
"ለኔ ተዋት።"
ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ነገርኩ። ከአውሮፕላን በላይ ትወጣለች አልኩ። ትንሽ ጨመርኩ መሰለኝ።

ነሐሴ 1
ፍልሰታ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስኩም። እቴጌም እንደዚያው። ካልራባት አትነሳም፣ ስለዚህ በየጠዋቱ ትመዘናለች። ሁለታችንም ጾመኞች። ዛሬ የቤት ጣሪያ ያህል ወጣች።

ነሐሴ 4
አየችኝ። እኔ ጾሜን ወድጄ ነው፣ እሷ ምን በደለች? ከሥራ ቫናችን ኋላ ወስጄ አንድ የድርጭት ሥጋ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል። ሁለት አደረግኩት። ሦስተኛው የምርቃት ነው።

ነሐሴ 7
ድሮኑ ወጣ። እቴጌ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በእግሯ መጥታ ጫማዬ ላይ ቆመች።
"ምን ሆና ነው?" አለ ቤንጃሚን።
"አየሩ ነው" አልኩት። "የለንደን አየር።"
"እዚሁ ነው የተፈለፈለችው፣ ጋሼ።"
"እሱ ነዋ ችግሩ።"

ነሐሴ 10
ወፍራለች። ሚዛኑ ተበላሽቷል አልኩት ቤንጃሚንን። ሌላ ሚዛን አመጣ። እሱም ተበላሽቷል…
ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጓደኛዬ ኃይለመለኮት ሰው ፊት ያዘኝ። "የአውሮፕላንህስ ነገር?"
"እየተንደረደረች ነው።"

ነሐሴ 11
ተያዝኩ። ድሮኑ ለካ ካሜራ አለው። ቤንጃሚን ለምን እንደማትነሳ ቪዲዮውን ቼክ ሲያደርግ… ከሰማይ የታየ መላጣ። እጅ ይዘረጋል። እቴጌ አፏን ትከፍታለች። እኔም አብሬ አፌን እከፍታለሁ።
አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
"ጋሼ፣ ሥጋው እርስዎ ጋ ካለ ሰማይ ምን ልታደርግ ትወጣለች?"
"ጉርሻ እኮ ፍቅር ነው።"
"አውቃለሁ። እናቴ እስከ ዩኒቨርሲቲ አጉርሳኛለች። ለዚህ ነው እንቁላል መጥበስ የማልችለው።"
መላጣዬን በኮፍያ ሸፈንኩ።
የገበያው ሰዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። ካልወጣች የምትሄደው በዚህ እጄ ጦስ ነው…

ነሐሴ 12
ለባለቤቴ ለውብነሽ ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች።
"እኔስ ደረጃ መውጣት ያቃተኝ በማን ሆነና? እጅህን ኪስህ ክተት።"

ነሐሴ 13
ከተትኩ። እቴጌ ጫማዬን ነከሰች። ዞር አልኩ። ጀርባዬ ላይ ዓይኗ ይሰማኝ ነበር። ድሮኑን አልነካችም። እራት አልወርድልህ አለኝ።

ነሐሴ 14
ዛፍ አለፈች አሉ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁም።

ነሐሴ 15
ሚዛኑ ተሽሎታል።

ነሐሴ 16
ጾሙ ተፈታ። ከቅዳሴ መልስ ውብነሽ ዶሮውን አቀረበች። እቴጌ ሳትበላ እንዴት ብዬ… "ቋጥሪልኝ" አልኳት።
የምንለማመድበት ሜዳ ላይ የገበያው ሰዎች ቆመዋል። ኃይለመለኮትም መጥቷል፣ ሊስቅ። ድሮኑ ወጣ፣ ነጥብ አከለ፣ ነጥቡም ጠፋ። እቴጌ ከቤንጃሚን ጓንት ላይ ሆና እኔን አየች። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ዛሬ ጀርባዬን አልሰጠኋትም።
"ሂጂ" አልኳት።
ሄደች። ዞረች፣ ዞረች፣ አነሰች… ከዚያ ሰማይ ብቻ። አንገቴ ተቆለመመ።
"ያዘችው" አለ ቤንጃሚን ስክሪኑን እያየ፣ ቀስ ብሎ።
ወርዳ ሣሩ ላይ ሥጋዋን በላች። ዞር ብላም አላየችኝ።
ኃይለመለኮት ጠጋ አለ። "ከአውሮፕላን በላይ ደረሰች በለኛ።"
"አይ። በታች ናት።"
"አሞሃል እንዴ?"
ከቫኑ ኋላ ሄጄ ዶሮውን ፈታሁ። ቤንጃሚን ተከትሎኝ መጣ፣ ቁርስ አልበላም። ትልቅ ጉርሻ አድርጌ ጠቀለልኩ።
መጀመሪያ ቀና ብሎ ድሮኑ መውረዱን አየ። ከዚያ አፉን ከፈተ።